በዕድሩ ድንኳን የተጀመረ ሸክላ

ኮልፌ፣ ጥር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ አልማዜ፣

አራስ ሰው ረጅም ሰላምታ አይሻም፤ እንቅልፍ ነው የሚሻው። አንቺም ሕፃኑም ደህና መሆናችሁን ከባልሽ ደብዳቤ አይቼ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁና በቀጥታ ወደ ጥያቄሽ እሄዳለሁ።

የሰማሽው እውነት ነው። ፈቀደ ወንድምሽና አራት ጓደኞቹ የዕድራችንን ድንኳን ተከራይተው በሸዋረጋ ግቢ ውስጥ ዘፈን እያስቀረጹ ነው። ዘፈን ስል እነሱ ሮክ የሚሉትን ነው። ጊታሩ በኤሌክትሪክ ይጮኻል፤ ከበሮውን ሲሰሙት ሦስት ሰው የሚመታው ይመስላል፤ ዘፋኙ ሆዱን እንደቆረጠው ሰው ይታጠፋል። ዐሥር ዘፈን በአንድ ትልቅ ሸክላ ይወጣል አሉ። ወጪውን የቻለው አህመድ ነው፤ መርካቶ ሸክላ የሚሸጠው ሰው።

በአደባባይ ለምን ሆነ ብለሻል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ከተማ ውስጥ ያሉት አዳራሾች የልጆቹን ጠጉር አይተው አላስገቧቸውም። አህመድ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ ሰው ሲሠራ ያየውን ዕቃ ሳይገዛ አይሄድም ባይ ነው። ስለዚህ የድንኳኑን ጎን ሁሉ ጠቅልሎ ወደ ላይ ሰቀለው። ከአየር ጤና የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። ጭብጨባው ሳይቀር ከዘፈኑ ጋር ይቀረጻል።

እኔ የዕድሩ ዳኛ እንደመሆኔ ድንኳኑ የለቅሶ ነው፣ ለዚህ አይሰጥም ብዬ ተከራከርኩ። ጎረቤታችን ዳባ ተነሥቶ፣ «አቶ ወልደሰንበት፣ ሰው እስኪሞት ተጠቅልሎ አይጥ ከሚበላው ልጆቹ ቢጠለሉበት ምን አለ?» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እጅ ሲቆጠር ተሸነፍኩ። አንድ ነገር ግን አስጻፍኩ፤ ሰው የሞተ እንደሆነ ድንኳኑ በዚያው ሰዓት ለለቅሶው ይውላል። ይህን የተቃወመ አልነበረም።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ባለፈው ቅዳሜ ከሰበታ በኩል የመጣች አንዲት ሴት፣ የዕድር ድንኳን ተተክሎ ሰው ተሰብስቦ ስታይ ለቅሶ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች ደረቷን እየመታች ገባች። ልጆቹ ዘፈኑን እያጋመሱት ነበር። ከፈቀደ በቀር ሁሉም ደንግጠው አቆሙ። ሸዋረጋ ከወንበሯ ተነሥታ ሴትዮዋን አቅፋ አስቀመጠችና፣ «እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?» አለቻት።

«እኔማ ምን አውቄ፤ እናንተ ናችሁ የምታውቁት» አለች ሴትዮዋ።

አህመድ ይህ ይደምሰስ ቢል ፈቀደ፣ «ይቆይ፤ ከእኛ ዘፈን እሱ ይሻላል» አለው አሉ። አሉ የምለው እኔ ግቢው ውስጥ ስላልገባሁ ነው። ሱቄ በር ላይ ሚስማር ስመዝን ድምፁ ይደርሰኛል፤ ይበቃኛል።

ለሕፃኑ የሚሆን ጨርቅ ልኬያለሁ። ሳታጥቢ እንዳታለብሺው።

አባትሽ ወልደሰንበት

❖

ቦንጋ፣ ጥር 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤዎን ያደረሰልኝ የጭነት መኪና ሾፌር መልስ ይዞ ለመሄድ በር ላይ ቆሟልና እጄ እየሮጠ ነው። ጨርቁ ደርሶኛል፤ አጥቤዋለሁም። የሴትዮዋን ነገር ሳነብ በጣም ከመሳቄ የተነሣ ባሌ አራሷ አበደች ብሎ ከውጭ ሮጦ ገባ።

ከሳቁ በኋላ ግን አለቀስኩ። ፈቀደ «ይቆይ» አለ ብለው ጻፉልኝ። አባባ፣ ፈቀደ እንዲህ አለ ብሎ የጻፈልኝ ሰው ከታጣ ስንት ጊዜ ሆነው? ከዐሥረኛ ክፍል ወድቆ ከቀረ በኋላ ጓዳ ገብቶ የተኛበትን ዘመን እኔም እርስዎም አይተናል። እርስዎ በር ላይ ቆመው ይቆጡት ነበር። እኔ ምግብ አስገባለሁ፤ ሳይነካው መልሼ አወጣለሁ። አንድ ቃል ከአፉ ሳይወጣ ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ከዚያ ጓዳ ያወጣችው እርስዎም እኔም አይደለንም። እትዬ ሸዋረጋ ከሰው ለምና ያመጣችው ክሩ የተበጠሰ ጊታር ነው።

እኔ እዚህ ሆኜ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሥራ ከተሰናከለበት ተመልሶ ወደዚያ ዝምታው ይገባል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያወጣው ነገር አይገኝም። ስለዚህ ልለምንዎት። ድንኳኑን አይውደዱት፣ ዘፈኑንም አይውደዱት፤ አንድ ቀን ብቻ ገብተው ልጅዎን ይዩት። እንዲያይዎት ያድርጉ።

ደግሞ የእትዬ ሸዋረጋን ሳል ጠይቄዎት ሳይመልሱልኝ ዘለሉት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችን እሷ ናትና አይዝለሏት።

ልጅዎ አልማዜ

❖

ኮልፌ፣ ጥር 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ አልማዜ፣

የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ያልሽውን ሳላደርግ መልስ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገባሁ።

ገና ከበሩ ስደርስ አንዱ ጎረምሳ፣ «ዳኛው መጡ፤ ማን ሞተ?» አለ። ተሳቀ። ከኋላ ምሰሶውን ተደግፌ ልቆም ስል ሸዋረጋ አየችኝ።

«ወልዴ፣ ና እዚህ ተቀመጥ። እንደ ዘበኛ አትቁምባቸው።»

«እዚህ ይበቃኛል።»

«እኔ አልበቃኝም። የምደገፈው ሰው ፈልጌ ነው።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ባለ መቅረጫው ጆሮው ላይ የሚደፋ ነገር አድርጎ እጁን ያነሣል፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል፤ እጁን ሲያወርድ ይጀምራሉ። አህያ ያናፋል፤ ይቆማል። አንበሳ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ ይቆማል። እንደ ገና «ከመጀመሪያው» ይባላል። ይህን ያህል ትዕግሥት ከእነዚያ ጠጉራሞች አልጠበቅሁም ነበር።

ፈቀደ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ላይ ሲደርስ ዳባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ብር አወጣና ምራቁን እንትፍ ብሎ ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ብሩ ተንሸራቶ ዓይኑን ሸፈነው። አህመድ እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ጋሼ ዳባ፣ ሽልማቱን ከዘፈኑ በኋላ፣ በእናትዎ።»

«ከዘፈኑ በኋላማ ስሜቴ ይበርዳል» አለ ዳባ።

በሦስተኛው ሙከራ ላይ ፈቀደ ቀና ሲል አየኝ። ጣቱ ሳተ። ባለ መቅረጫው አስቆመው። ልሄድ ብድግ ስል ሸዋረጋ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። በአራተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ፤ ያኛው ተቀረጸ። ጥሩ ነው ወይ ብትይኝ አላውቅበትም። ነገር ግን ልጄ የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አባባ፣ ከበሮው አልበዛም?» አለኝ። በዝቷል አልኩት። «እኔም ብያቸው ነበር» አለ። ይኸው ነው የተነጋገርነው። መጻፍ ያለብኝ ስለመሰለኝ ጻፍኩት።

ሰባቱ አልቋል፤ ሦስት ቀርቷል። ከቅበላ በፊት መጨረስ አለባቸው። በዐቢይ ጾም የሚዘፍን የለም፤ የመቅረጫው ባለቤትም በቅበላ ዕቃውን ጭኖ አስመራ ይገባል።

ሸዋረጋን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ተኝተሽ ታከሚ አሏት። «ልጆቹ ይጨርሱና» ብላ ተመለሰች። አስገድዳት ትይኛለሽ። ሸዋረጋን ያስገደደ ሰው አላውቅም።

ብርድ እንዳይመታሽ።

አባትሽ

❖

ኮልፌ፣ የካቲት 4 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ አልማዜ፣

ሥራው ቆሟል። ሦስቱ ዘፈን እንደቀረ ነው። የቆመበትን ምክንያት በወረቀት አልጽፍም። አጎትሽ ወልደ አማኑኤል ከዚህ ተነሥቶ፣ ከጅማ ዘመዶችን ይዞ ይመጣል። ይህ ደብዳቤ ቀድሞ ቢደርስሽ በሩን ክፈቺላቸው፤ ባልሽም ከቤት እንዳይወጣ ንገሪው።

ስለ ሸዋረጋ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ዋሽቼሽ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ ስለ እሷ ምንም አልጽፍም።

አባትሽ

❖

ቦንጋ፣ የካቲት 7 ቀን 1963 ዓ.ም.

አባቴ፣

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ባሌ ማታውን ተልኮበት ኖሮ ልብሱን ለብሶ ተቀምጦ ስላየሁት ማን እንደሞተ ማወቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። አጎቴ «ሸዋረጋ» ሲል መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ እርስዎ ወይም ፈቀደ መስሎኝ ነበርና። ለዚያች እፎይታዬ ራሴን ይቅር አልልም። ደብዳቤዎ በማግስቱ ደረሰ።

እንደ እናት ያሳደገችኝን ሴት ሳልቀብር ቀረሁ። አራስ ነሽ ብለው ከበሩም አላስወጡኝ። ወተቴ ቆሟል፤ ለሕፃኑ የላም ወተት በጥብጠን እንሰጠዋለን።

ከአጎቴ እጅ የፈቀደ ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «አባባ እስከ አርባዋ በሰፈሩ ዘፈን አይሰማም ብሏል። ቅበላ ከዚያ በፊት ነው። አይዞሽ።» አጎቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ። የዕድሩ ሰዎች ከሠልስቱ በኋላ አንድ ቀን ለልጆቹ ለመፍቀድ ተስማምተው ነበር አለኝ፤ ዳባ ሳይቀር። የቀረው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው አለ። እውነት ነው?

በመጨረሻዋ ዕለት አጠገቧ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ምን አለችዎት? አንድ ነገር ሳትል አትሄድም፤ አውቃታለሁ። ዕድሜ ልኳን የሰው ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴት፣ ለእኔ ክብር ብላችሁ ልጄን ግደሉልኝ አትልም።

ይህን አጎቴ በእጁ ይዞ ይመጣል። ሲደርስዎ ቅበላ ገና ነው። ሦስት ዘፈን ነው፣ አባባ። አንድ ቀን ነው። እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ።

አልማዜ

❖

ኮልፌ፣ የካቲት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ አልማዜ፣

መጽናናቱን እሱ ይስጥሽ። ሕፃኑ የላም ወተት ሲጠጣ ውኃውን አፍልተሽ አብርጂው።

የጠየቅሽውን ሁሉ እመልሳለሁ። አዎን፣ ተናግራለች። «ወልዴ፣ እኔ ስሞት ልጆቹን እንዳታስቆም፤ ሦስት ነው የቀራቸው» አለችኝ። ለቅሶ ባለበት እስከ አርባው አይዘፈንም የሚል ደንብ አለ አልኳት።

«ደንቡን የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

«ስለዚህ ነው የማላፈርሰው።»

ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ሳሏ ሲተዋት፣ «አንተን ያገባች ያቺ ምስኪን፣ ነፍሷን ይማር» አለች። ከዚያ ወዲያ ውኃ ከመለመን በቀር ምንም አላለችኝም። ጧት ልጆቹ ሊቀረጹ ሲመጡ አርፋ ነበር።

ድንኳኑ አልተነቀለም። ጎኑ ብቻ ወረደ። ፈቀደ ሽቦውንና ማይክሮፎኑን ጠቅልሎ አወጣ፤ በዚያው ቦታ ለቀስተኛው ተቀመጠ። ድንኳን ያለ ሬሳ ተተክሎ ሬሳ ጠራ የሚሉ አሉ፤ ፈቀደ እየሰማ ነው የሚሉት። ይህ የባዶ ራስ ወሬ ነው። ሸዋረጋን የገደላት ሳንባዋ ነው፤ ይህንንም ለቅሶው ላይ ቆሜ ተናግሬያለሁ።

ኮሚቴው ከሠልስቱ በኋላ አንድ ቀን ይፈቀድ ብሎ ነበር፤ ያጎትሽ ቃል ትክክል ነው። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴን ስሚኝ። የዳባ ልጅ የተዳረች ጊዜ ጎረቤቷ ተክለማርያም ሞቶ ገና አርባው አልወጣም ነበር። ሙሽራዋ ያለ አንድ እልልታ ከአባቷ ቤት ወጣች። በር ላይ ቆሜ ዘፋኞቹን የመለስኩ እኔ ነበርኩ። የዳባ ሚስት እስከ ዛሬ ሰላምታ የምትሰጠኝ በግማሽ አፏ ነው። ዛሬ ለልጄ ሲሆን በሩን ልክፈት?

ዳባ ራሱ ሱቅ ድረስ መጣ። «እኔ ትቼዋለሁ» አለኝ።

«አንተ ብትተወው የልጅህ ሠርግ ይመለሳል?»

«አይመለስም። ግን የአንተም ልጅ እንደዚያ ይሁን አላልኩም።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሸዋረጋ ዘመድ የላትም። ዘመድ ያለው ሲሞት ሰፈሩን እስከ አርባው ዝም ያሰኘሁ ሰው፣ የሚቀየም ዘመድ ለሌላት ሲሆን ሦስት ቀን ይበቃታል ልበል? እሷ ራሷ ብትፈቅድስ? ሰው የራሱን ክብር ቀንሶ የመስጠት መብት የለውም። ቢያንስ በእኔ ዳኝነት የለውም።

አምስቱም ሆነው መጡ። ዘፋኙ ብዙ ለመነኝ። ፈቀደ አልተናገረም። እንቢ አልኩ። «እሺ አባባ» አለ። ከበሮ መቺው በክርኑ ነካ አድርጎ፣ «ፈቄ፣ አንተም ተናገር እንጂ» ሲለው፣ «ተናገረ እኮ» አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። አህመድ ዓለምገና ሌላ ግቢ ፈልጌ አስቀርጻችኋለሁ ብሏቸው ነበር። ልጆቹ ሊሄዱ ተነሡ። ፈቀደ ግን፣ «እኔ የዚህ ዕድር ልጅ ነኝ። ሰፈር ብቀይር ለቅሶው የእኔ መሆኑ አይቀርም» ብሎ ቀረ። ያለ እሱ ደግሞ አይሆንላቸውም። ያን ሲል ኮራሁበት።

ይህን ደብዳቤ ስታነቢ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ። ግን የደበቅሁሽ ነገር የለም።

አባትሽ

❖

ቦንጋ፣ መጋቢት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአቶ ወልደሰንበት፣

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ቅበላ አለፈ። የመቅረጫው ሰውም ሄዷል ብዬ አስባለሁ።

ለሸዋረጋ ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምመልስበት ቃል አጣሁ፤ እርስዎ ሁልጊዜ ልክ ነዎት። እኔ ግን ልክ መሆንዎን አልጠየቅሁም ነበር። ወንድሜን ነበር የጠየቅሁት።

ለፈቀደ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ አልመለሰም። ከእንግዲህ ከእርስዎ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጤናዎን፣ እና ፈቀደ ይናገር እንደሆነ። ሌላውን አይጻፉልኝ።

አልማዜ

❖

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ አልማዜ፣

ጤናዬ ደህና ነው። ፈቀደ ለደንበኛ «ስንት ኪሎ?» ይላል፤ ለእኔ «እሺ» ይላል። ይህ መናገር ከሆነ ይናገራል። ሌላውን አትጻፍ ብለሻል፤ እጽፋለሁ፤ ካልፈለግሽ አታንብቢው።

ከአርባው ማግስት ጀምሮ ሱቁን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ና ያለው የለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሚስማሩን በየቁጥሩ ለይቶ አስቀመጠ፤ እኔ ስንት ዘመን ያልሠራሁትን። ለጎረቤት በዱቤ አይሰጥም። ዳባ ለጣራው ቆርቆሮ ሲለምነው፣ «አባባ ለማንም አይሰጥም» ብሎ መለሰው። እኔ ለዳባ ሁልጊዜ እሰጥ ነበር፤ ይህን ግን ነግሬው አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ መርካቶ ወርጄ አህመድን አገኘሁት። ማንም ልኮኝ አይደለም። በሩ ላይ ሲያየኝ ወንበር አወጣልኝ።

«ሦስቱ ዘፈን ይቀረጽ» አልኩት። «ጊዜው ደርሷል። ድንኳኑን እኔ አስፈቅዳለሁ።»

«ጋሼ፣ ማን ይቀርጸዋል? ሰውየው አስመራ ነው። ዘፋኙ ተከትሎት ሄዷል። ከበሮ መቺው ደመወዝ ያለው ሥራ አገኘ።»

«ሰባቱ አለ አይደል? እሱን አውጣው።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ቴፕ ውድ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ሰው ቀረጽንበት።»

«በሁሉም ላይ?»

«በሁሉም።»

ሰው መኮነን ልማዴ ነው፤ አህመድን ግን ምን ብዬ ልኮንነው? ነጋዴ ነው፤ ዕቃው ያለ ሥራ እንዲቀመጥ አይፈልግም። በሰይቸንቶ ታክሲ ተመለስኩ። ፈቀደ ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ። መቼ አወቅህ ብለው፣ «በጾሙ» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አውቆ ተቀምጧል።

«ጊታሩን አምጣና ተጫወት» አልኩት።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። «በየትኛው አንቀጽ፣ አባባ?» አለኝ።

አሹፎብኝ ቢሆን በጥፊ አጮለው ነበር። አላሾፈም። መልሱን ብነግረው እንደሚታዘዝ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። እንዲህ ያለ አንቀጽ አልጻፍኩም። ደንበኛ ገባና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጊታሩ የት እንዳለ አላውቅም። ፈልጌ ነበር።

አባትሽ ወልደሰንበት

❖

ኮልፌ፣ ሰኔ 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ አልማዜ፣

በባልሽ በኩል የላክሽው ሰላምታ ደርሶኛል። ሁለቱን ጥያቄሽን አልረሳሁም። በሁለተኛው ልጀምር፤ ዛሬ የሚነገር ነገር አለውና።

ትናንት የዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ዝናቡ ስለጣለ ተጣብበን ተቀመጥን። ፈቀደ በዚህ ዓመት በራሱ ስም አባል ሆኖ ስለተመዘገበ ከኋላ ነበር። ዳባ ተነሣና አንድ ሐሳብ አቀረበ። «በለቅሶ ምክንያት ዘፈን የሚከለከልበት ጊዜ እስከ አርባው መሆኑ ቀርቶ እስከ ሠልስቱ ይሁን» አለ። «ጎረቤት በዛ፤ አንዱ ሳይወጣ አንዱ ይገባል፤ ወጣቶቹ ሠርጋቸውን ሳያዩ ሊያረጁ ነው።» ሰዎች ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ዳኛው ምን ይላሉ?»

«ዳኛ አስተያየት የለውም። እጅ ይቆጠር» አልኩ።

እዚህ ዕድር ውስጥ አስተያየት ሳልሰጥ ያለፈ አንድም ስብሰባ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ ምን ማለቴ እንደሆነ ሰው ሁሉ ገባው። ዳባ አፉን ከፍቶ አየኝ። እጆች መነሣት ጀመሩ፤ ብዙ እጅ ነበር። ከዚያ በላይ መሄድ ለእኔ አይሆንልኝም፤ አንቺም ታውቂኛለሽ።

ፈቀደ ተነሣ። «ከመቆጠሩ በፊት» አለ።

ድምፁን ከሰማ የቆየ ሰው ብዙ ስለሆነ ቤቱ ጸጥ አለ። አንቀጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በቃሉ አለው፤ እኔ እንደጻፍኩት፣ አንድ ቃል ሳይጥል። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «እትዬ ሸዋረጋ ስትሞት እስከ አርባዋ ዝም ብለናል። ልለምን የመጣሁ እኔ ራሴ ነበርኩ፤ አልተፈቀደልኝም። ያልተፈቀደልኝም ዘመድ የላትም ተብሎ እንዳትናቅ ነው። አሁን ደንቡ ቢቀየር፣ ከእሷ በኋላ የሚሞተው ከእሷ አንሶ ነው ወይስ እሷ ናት ከሁሉ በላይ ዋጋ የተከፈለባት? ወይስ ያኔ ተሳስተናል? ያኔ ተሳስተን ከሆነ ዳኛው ይንገሩን።»

ሁሉም ጠበቁኝ። እሱም ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ቂም ብፈልግ አላገኘሁም።

አልተሳሳትንም አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እውነቱ እሱ ነው፤ አሁንም እሱ ነው።

«እንግዲያው ደንቡ ይቆይ» ብሎ ተቀመጠ። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የዳባ ብቻ ትንሽ ቆየ፤ እሱም ወረደ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ እያለን ጸሐፊ ፍለጋ ምን አደከመን?» አለና በጭብጨባ መረጡት። ሳይቃወም ተነሥቶ ከጎኔ ተቀመጠ።

ስንወጣ ዳባ አጠገቤ መጥቶ፣ «ወልደሰንበት፣ ልጅህን አየኸው?» አለኝ። አየሁት አልኩት። «አንተን ነው ያየሁት እኔ» አለና ጥሎኝ ሄደ።

እኔና ፈቀደ በአንድ ጃንጥላ ተመለስን። ጃንጥላውን የያዘው እሱ ነበር፤ ወደ እኔ አዘንብሎት ግማሽ ትከሻው በሰበሰ። ደህና ተናገርህ ልለው ይገባ ነበር፤ ንግግሩ እንከን አልነበረውምና። ቤት እስክንደርስ አላልኩትም። ቤት ስንደርስም እሱ እራቱን በልቶ ሊተኛ ገባ።

የጠየቅሽኝ ይኸው ነው። ጤናዬ ደህና ነው። ፈቀደም ይናገራል።

አባትሽ ወልደሰንበት